የመጀመሪያ እርዳታን በስልክ መማር፦ ስልኩ የት ድረስ ያደርሳል?

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ ኦንላይን ተማርኩና ፈተናውን 100 ከ100 አገኘሁ። ከሳምንት በኋላ ለተግባር ልምምድ ክፍል ገባሁ። አሻንጉሊቱ ፊት ተንበርክኬ ደረቱን መጫን ስጀምር አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሠልጣኟ ጠጋ ብላ «እየተጫንከው አይደለም፣ እየዳበስከው ነው» አለችኝ። አሻንጉሊቱ በበቂ ጥልቀት ሲጫኑት ከውስጡ «ቀጭ» ይላል፤ የእኔው ጭጭ ብሏል። ቁጥሮቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፦ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 30 ግፊት ከዚያ 2 ትንፋሽ። እጄ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ አያውቅም ነበር።

ይህን ኮርስ የጀመርኩት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። ካትሌሆንግ ውስጥ ትንሽ ስፓዛ ሱቅ አለው። ካትሌሆንግ ከጆሃንስበርግ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከጀርሚስተን በታች ያለ ሰፊ የጥቁሮች ሰፈር ነው፤ አበሻው ሎኬሽን የሚለው ዓይነት። ከጎረቤቶቹ ከቶኮዛና ከቮስሎሩስ ጋር ተደምሮ ካቶሩስ ይባላል። አንድ ቀን ማታ አንዲት እናት ሕፃን ልጅ ታቅፋ እየሮጠች ሱቁ መጣች። ልጁ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ፓራፊን፣ ማለትም እኛ ላምባ የምንለውን፣ ጠጥቷል። ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ «ወተት አጠጡት» ይላል፣ ሌላው «አስመልሱት» ይላል። የአክስቴ ልጅ ወተቱን ከፍሪጅ አውጥቶ ይዞ ቆመ። ጎረቤት መኪና አስነስቶ ልጁን ወደ ሆስፒታል አደረሰው፤ ተረፈም። በማግስቱ ደውሎልኝ «ወንድሜ፣ ወተቱን ልስጠው አልስጠው ሳላውቅ እንደ ሐውልት ቆሜ ቀረሁ» አለኝ።

መልሱን አሁን አውቀዋለሁ። ላምባ የጠጣን ልጅ ማስመለስ አይገባም፤ ዋናው አደጋ ፈሳሹ ሲወጣ ወደ ሳንባ መግባቱ ነው። ወተትም ማስመለስን ሊያመጣ ስለሚችል አይሰጥም። ልብሱ ላይ የፈሰሰ ካለ ማውለቅ፣ አተነፋፈሱን እያዩ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። ይህን ለማወቅ አሻንጉሊትም ክፍልም አያስፈልግም፤ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በቂ ነው። የደረት ግፊት ግን በቪዲዮ አይገባም። ኦንላይንና ክፍልን ያጣመረ ሥልጠና የተሠራው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ሕጉ ማንን ይነካል?

በደቡብ አፍሪካ የሥራ ጤናና ደኅንነት ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ1993 ቁጥር 85፣ እና በሥሩ ባለው አጠቃላይ የደኅንነት ደንብ መሠረት ከ5 በላይ ሠራተኞች ያሉት የሥራ ቦታ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ሊኖረው ይገባል። ሠራተኞቹ ከ10 በላይ ሲሆኑ ደግሞ ለእያንዳንዱ እስከ 50 የሚደርስ ቡድን፣ በሱቅና በቢሮ ከሆነ እስከ 100 ለሚደርስ፣ የፀና የብቃት ማረጋገጫ የያዘ ቢያንስ አንድ ሰው በሥራ ሰዓት መገኘት አለበት። ማረጋገጫው በተለምዶ የሚያገለግለው 3 ዓመት ነው። እዚህ ላይ «ብቃት» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። መዛኙ እጃችሁን ማየት አለበት፤ ቪዲዮ አይቶ ምርጫ የመለሰ ሰው አውቋል ይባላል እንጂ ችሏል አይባልም። «በ30 ደቂቃ ሰርተፍኬት» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «ተግባሩን የሚመዝነኝ ማነው፣ የትስ?» የሚል ይሁን።

አሁን ቁጥሮቹን ወደ ሎኬሽን እንውሰዳቸው። ጄፒ ላይ ብዙ ሠራተኛ ያለው ጅምላ አከፋፋይ ሕጉ ይይዘዋል። ካትሌሆንግ ውስጥ በሁለትና በሦስት ሰው የሚሠራው ስፓዛ ግን ከሣጥኑም ከሠልጣኙም ግዴታ ውጪ ነው። ዘራፊ የሚመጣበት፣ ላምባ የሚቀዳበት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ የተቀጣጠለበት ሱቅ እሱ ነው። አምቡላንስ ሲጠራም አድራሻው እስኪገኝ ጊዜ ይሄዳል። የአካባቢው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል እንኳ ዛሬ ካትሌሆንግ ውስጥ የለም፤ የድሮው ናታልስፕሩት ቮስሎሩስ በተሠራው በቴሌ ሞጎኤራኔ ተተክቷል። እስከዚያ ድረስ ያለው እርዳታ ባለሱቁና ጎረቤቱ ናቸው።

(በአገር ቤት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ በጊዜው የመጀመሪያ እርዳታ እንዲያደርግ ያዝዛል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ስልካችሁ ላይ ካልመዘገባችሁት ይህን ጽሑፍ አቁማችሁ መዝግቡት፤ እጠብቃለሁ።)

ለአክስቴ ልጅ ሥልጠና ውሰድ ስለው የመለሰልኝ «ሁለት ቀን ሱቅ ዘግቼ?» ብሎ ነው። ጥምሩ ሥልጠና የሚጠቅመው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ንድፈ ሐሳቡን ማታ ሱቅ ከዘጋ በኋላ በስልኩ ይማራል፣ ፈተናውን ያልፋል፣ ከዚያ ለተግባሩና ለምዘናው ብቻ ወደ ጀርሚስተን ወይም ወደ ጆበርግ ይሄዳል። የሚዘጋው አንድ ቀን ነው።

ክፍል ውስጥ ብቻ የሚገኘው

ብዙ ሰው የክፍሉ ቀን የኦንላይኑ ክለሳ ይመስለዋል። አይደለም። ድካም የሚባለውን ነገር የሚያስተምረው ክፍሉ ብቻ ነው። ደረት መጫን በጣም አድካሚ ሥራ ስለሆነ ሌላ ሰው ካለ በየ2 ደቂቃው መቀያየር ይመከራል፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ክንዴ ሲከዳኝ ነው። ሌላው ድምፅ ነው። «አንተ ቀይ ሹራብ የለበስከው፣ አምቡላንስ ጥራ!» ብሎ ሰው ለይቶ መጮህ በስልክ ፈተና ላይ አንድ ምርጫ መንካት ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን ይሉኝታ ይይዛል። እኛ አበሾች ደግሞ ይሉኝታ ላይ እንታወቃለን። ሦስት ጊዜ ካስጮኸችኝ በኋላ ነው ድምፄ የወጣው።

ስለ አሻንጉሊቱ ካነሳን፣ የሚገርም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ያቀረበው ኦስሙንድ ላርዳል የተባለ ኖርዌያዊ አሻንጉሊት ሠሪ ነው። ፊቷን የወሰደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ከሴን ወንዝ እንደወጣች ከሚነገርላት ማንነቷ ያልታወቀ ወጣት የፊት ቅርጽ ነው። በዓለም ዙሪያ ስንት ሰው ትንፋሽ ሊሰጣት ጎንበስ እንዳለ ማሰብ ነው።

መተርጎም ለምን አይበቃም

የአክስቴ ልጅ እንግሊዝኛ ለንግድ ይበቃዋል፤ «አየር መንገድን መክፈት» የሚለውን ለመማር ግን አይበቃውም። ስለዚህ ከክፍሉ በፊት የሚረዳው ትንሽ የአማርኛ ዌብ አፕ ልሠራለት ተነሳሁ። መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ይዘት መተርጎም ጀመርኩና ብዙም ሳልሄድ ተያዝኩ። ኮርሱ «ቃጠሎ ላይ ቅቤ አትቀቡ» ይላል። የእኛ ሰው ቅቤውን ለፀጉሩ ነው የሚፈልገው፤ ቃጠሎ ላይ የሚያደርገው የጥርስ ሳሙና ወይም ሊጥ ነው። ትርጉሙ ልክ ሆኖ ትምህርቱ ግን ማንንም ሳይነካ ያልፋል።

የሚጥል በሽታ የተነሳበት ሰው ሲያዩ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት በየሰፈራችን የታወቀ ነው። ጭሱ ምንም አይፈውስም፤ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ጉዳት ይጨምራል፣ እሳቱም ፊቱ አጠገብ ነው። ተገቢው አካባቢውን ከሚጎዳው ነገር ማጽዳት፣ አለመያዝ፣ አፉ ውስጥ ቁልፍም ማንኪያም አለመክተት፣ መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ ማስተኛት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ መጥራት ነው። ለሚደማ ቁስል የቡና ዱቄት መነስነስም አለ፤ ደም የሚያቆመው በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ነው። ነስር ሲሆን አንገትን ወደ ኋላ ማቃናት አለ፤ ትክክሉ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል መጨበጥ ነው። ለቃጠሎ ደግሞ በረዶም ሳሙናም ሳይሆን ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ፣ 20 ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ ሲባል ረጅም ነው፤ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት።

ስለዚህ ጥያቄዎቹን እንደገና ጻፍኳቸው። የተሳሳቱት ምርጫዎች ተማሪው በእርግጥ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች መሆን አለባቸው፤ ክብሪት፣ ቡና፣ ሊጥ፣ ወተት። ማንም የማይመርጠው የተሳሳተ ምርጫ ተማሪውን 100 ከ100 ያሸልመዋል እንጂ አያስተምረውም።

ቀጥሎ ሰዋስው መጣ። አማርኛ ሰው ሲያዝ ፆታ ይጠይቃል፦ ጫን፣ ጫኚ፣ ጫኑ፣ ይጫኑ። የወደቀውም ሰው እንዲሁ፦ ይተነፍሳል? ትተነፍሳለች? በጭንቅ ሰዓት ፆታ የሚያስመርጥ ገጽ ማቅረብ አይሆንም። ትእዛዙን «ጫኑ» አልኩት፣ ጥያቄውን ደግሞ «ትንፋሽ አለ?» በማለት ፆታን አስወገድኩ። በዚህ ብልጠቴ እየተኩራራሁ ለአንዲት ነርስ ወዳጄ አሳየኋት። «ይህ ሰው ይገድላል» አለችኝ። ልቡ የቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እያንኮራፋ የሚመስል፣ አልፎ አልፎ የሚያጣጥር ትንፋሽ ሊያሳይ ይችላል። «ትንፋሽ አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ያን አይቶ «አዎ» ይላል፤ ደረት መጫኑም ይቀራል። አሁን ገጹ «የደህና ሰው ትንፋሽ አለ?» ይላል፤ ከሥሩም «ማጣጣር ትንፋሽ አይደለም» የሚል አለ። ባግ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ኮድ ውስጥ ነው የምንፈልገው፤ ይሄኛው ሁለት ቃል ውስጥ ነበር።

ስልኩ የሚለካውና የማይለካው

ለዴቨሎፐሮች የሚጥመው ክፍል ይሄ ነው። ስልክ ውስጥ አክሰለሮሜትር አለ፤ ታዲያ ስልኩን መዳፍ ሥር ይዞ ትራስ ላይ በመጫን ጥልቀቱን መለካት አይቻልም? እኔም አስቤው ነበር። ሴንሰሩ የሚሰጠው ፍጥንጥነት ነው፤ ርቀት ለማግኘት ሁለት ጊዜ ኢንተግሬት ማድረግ አለባችሁ። ስሕተቱም አብሮ ያድጋል። ሴንሰሩ በ0.05 ሜትር በሰከንድ ካሬ ብቻ ቢዛነፍ፣ ግማሽ ሲባዛ 0.05 ሲባዛ የጊዜው ካሬ ነውና፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ ስሕተቱ 2.5 ሜትር ይሆናል። የሰው ደረት 2 ሜትር ተኩል ሰመጠ ማለት ነው።

መፍትሔው በየግፊቱ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። እጅ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ላይ ለቅጽበት ስለሚቆም እዚያ ላይ ፍጥነቱን ዜሮ ብሎ ማረም ይቻላል። በደቂቃ 110 ግፊት ከሆነ አንዱ ግፊት 0.545 ሰከንድ ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ ያው መዛነፍ የሚያመጣው ስሕተት ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን በ5 እና በ6 ሴንቲ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሌላም ችግር አለ። ስልኩ የሚለካው የራሱን እንቅስቃሴ ነው። ፍራሽ ላይ ከሆነ ፍራሹም አብሮ ይሰምጣልና ስልኩ «ጎበዝ፣ 6 ሴንቲ ሜትር» ይላችኋል፤ ደረቱ ግን ግማሹን እንኳ አልወረደ ይሆናል።

ፍጥነቱን መቁጠር ግን ቀላል ነው። ኢንተግሬት ሳታደርጉ የሞገዱን ጫፎች መቁጠር ይበቃል። ስለዚህ የእኔ አፕ የሚናገረው ፍጥነትን ብቻ ነው፤ ስለ ጥልቀት ዝም ይላል። ጥልቀት የአሻንጉሊቱ «ቀጭ» ሥራ ነው። አንድ አፕ የማይችለውን እንደሚችል አድርጎ ቁጥር ከሚያሳይ ባያሳይ ይሻላል የሚል አቋም አለኝ፤ በተለይ ቁጥሩን የሚያምነው ሰው ነገ እውነተኛ ደረት ፊት ሊንበረከክ የሚችል ከሆነ። የብሪታንያ የልብ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ሪቫይቨር ስልክና ትራስ ብቻ የሚጠይቅ የ15 ደቂቃ ነፃ ሥልጠና ነው፤ ለመጀመሪያ ልምምድ ጥሩ ነው፣ እሱም ግን የብቃት ማረጋገጫ አይደለም።

ምት የሚሰጥ ሜትሮኖም ከሠራችሁ ደግሞ በሴትኢንተርቫል አትሥሩት። ሰዓቱ ይንሸራተታል፤ ብሮውዘሮች ከጀርባ ያለን ገጽ ታይመር በሰከንድ አንዴ ብቻ እንዲሠራ ሊገድቡት ይችላሉ። 110 ይሆናል ያላችሁት ምት 60 ሊሆን ነው። የዌብ ኦዲዮን የራሱን ሰዓት ተጠቅማችሁ ድምፆቹን ቀድማችሁ ሰልፍ አስይዟቸው።

የዳታ ነገር ቀላል ሒሳብ ነው። በሰከንድ 500 ኪሎ ቢት የተቀዳ የ3 ደቂቃ ቪዲዮ 11 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ያንኑ ትምህርት በኦፐስ 24 ኪሎ ቢት በድምፅ ብቻ ብትቀዱት ግማሽ ሜጋ ባይት ነው። እኔ ማየት የግድ ለሆኑት ለሦስት ነገሮች ብቻ ቪዲዮ አስቀርቼ ሌላውን በድምፅና በሥዕል አደረግሁት። ራሳችሁ ከባዶ መጀመር ካልፈለጋችሁ ሙድል አለ፤ ክፍት ምንጭ ነው፣ የአማርኛ የቋንቋ ጥቅል አለው፣ የሞባይል አፑም ኮርሱን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያስጠናል። መብራት በሚጠፋበት ሎኬሽን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከሦስት ወር በኋላ

ሰርተፍኬቱ 3 ዓመት ይጸናል፤ የእጅ ችሎታው ግን ካልተለማመዱት ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ መደብዘዝ እንደሚጀምር ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ለዚህ ነው ከክፍሉ በኋላ አፑ የማስታወሻ ኤስኤምኤስ የሚልከው። የላቲን ፊደል በአንድ ኤስኤምኤስ 160 ይገባል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ ሌላ ኢንኮዲንግ ይቀየርና 70 ብቻ ይሆናል። 71ኛዋ ፊደል የሁለት መልእክት ዋጋ ታስከፍላለች። እየቀነስኩ እየቀነስኩ እዚህ ደረስኩ፦

«ሰላም! 3 ወር ሞላ። ትራስ አውጥተህ 2 ደቂቃ ተለማመድ። አምቡላንስ፦ 10177 ወይም 112»

58 ፊደል ነው። («አውጥተህ» ላይ ፆታው ተመልሶ እንደገባ አይቻለሁ፤ ተቀባዩ አንድ የአክስት ልጅ እስከሆነ ድረስ ይቆይ።) የተረፉትን 12 ቦታዎች ለሱቁ የሴክሽን ስም ትቻቸዋለሁ፤ አምቡላንስ የሚጠራ ሰው በድንጋጤ መጀመሪያ የሚረሳው የራሱን አድራሻ ነውና።

የመጀመሪያው መልእክት እንደደረሰው ደወለልኝ። ትራስ ሱቅ ውስጥ ስለሌለ የበቆሎ ዱቄት ከረጢት ላይ ሞክሮ ነበር፤ «ወረደልኝ፣ ግን እዚያው ቀረ» አለኝ። ትክክል ነው፤ በየግፊቱ መካከል ደረት ሙሉ በሙሉ ተመልሶ መነሳት አለበት፣ አለዚያ ልብ ደም አይሞላም። ዱቄት ደግሞ አይነሳም። ትራስ ግዛ አልኩት።